የሴትዮዋ ከንፈር፣ የእማዬ ድምፅ

እናቴን በፊቷ የሚያውቃት የለም፤ በድምፅዋ ግን የማያውቃት የለም። ሽንኩርት ልትገዛ ትወጣና "ስንት ነው?" ስትል ሻጩ ሚዛኑን ትቶ ቀና ይላል። ዙሪያውን ይቃኛል፣ ከዚያ እሷን ያያል፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ዙሪያውን። ያ ድምፅ ፀጉሯን በመሀረብ ካሰረች አጭር ሴትዮ መውጣቱን ማመን ያቅተዋል። በመጨረሻ "እናትየዋ ነዎት እንዴ?" ይላታል። እሷም "ሽንኩርቱን መዝን" ትለዋለች። ይመዝናል፤ ምርቃትም ይጨምርላታል።

እናትየዋ የምትባለው በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የውጭ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች እናት ነች። ድራማው ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ቤቶቹ የሆቴል ያህል ይሰፋሉ፣ ሴቶቹ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ሊፕስቲክ ተቀብተው ነው። ተተርጉሞ በእኛ ሰዎች ድምፅ ተቀርጾ ይቀርባል። የእናትየዋን ድምፅ የምትሰጠው እማዬ ነች፤ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሰፈር ውስጥ እሷንም "እናትየዋ" ብለው ነው የሚጠሯት፤ እኔ ደግሞ የእናትየዋ ትንሿ ልጅ ነኝ። ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፣ አላገባሁም፣ አፌም አያርፍም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይያያዛሉ ይላሉ።

እማዬ በወጣትነቷ መድረክ ላይ ቴያትር ትሠራ ነበር። አባቴ ሊያገባት ሲጠይቅ "ሚስቴን ሰው ተሰብስቦ አያያትም" አለ። በኋላ የድምፅ ሥራ ሲመጣ፣ ድምፅ አይታይም ብሎ ፈቀደላት። "ፈቀደ" የሚለው ቃል የሷ ነው፤ እኔ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ደግ ነበር፣ ስቆ የሚያስቅ፣ ለልጆቹ የሚሳሳ። ደግ ሆኖ ነው እንግዲህ እንዲህ ያለው። እሱ ከሞተ በኋላም እማዬ ወደ መድረክ አልተመለሰችም። "አሁን ማን ያየኛል" ትላለች።

ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን አብሬያት ስቱዲዮ እሄዳለሁ። ስቱዲዮ ይባል እንጂ በአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ያለ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ማራገቢያው ድምፅ ስለሚያስገባ ቀረጻ ሲጀመር ይጠፋል፤ ያኔ ሁሉም በላብ ይጠመቃል። እማዬ ማይኩ ፊት ትቆማለች። ከፊቷ ትንሽ ቴሌቪዥን አለ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ እጇ ላይ ወረቀት። የሥራው ሕግ አንድ ነው፦ ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት ትከፍቻለሽ፣ ስትዘጋ ትዘጊያለሽ። ረጅም በሚያወራ አፍ ላይ አጭር ነገር ከተናገርሽ ተመልካቹ ይስቅብሻል። ከንፈሩ ይግጠም እንጂ ስለሌላው ግድ የሚሰጠው የለም።

ሌላው የሚባለው ትርጉሙ ነው። የሴትዮዋን ቋንቋ ስቱዲዮው ውስጥ የሚችል አንድም ሰው የለም። ጽሑፉ መጀመሪያ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ ይመጣል፣ ከዚያ ተርጓሚው ወደ እኛ ቋንቋ ያመጣዋል፣ ከዚያ ደግሞ የጣቢያው ገምጋሚዎች "ለተመልካቹ እንዲስማማ" እያሉ ያርሙታል። ገምጋሚዎቹ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ባል ሰክሮ ሲገባ ምንም አያርሙም። ሲማታም አያርሙም። ሚስት መልስ ስትሰጥ ግን ብዕራቸው ይነሳል። አንድ ጊዜ ሴትዮዋ ባሏ ላይ ሰሃን ወርውራ፣ ጣቷን ፊቱ ላይ ቀስራ ስትጮህ እማዬ በማይኩ "የኔ ጌታ፣ እጄን አዳልጦኝ ነው፣ አትቀየመኝ" እንድትል ተደረገ። ሰውዬው በጥፊ እንደተመታ ሰው ደንግጦ ቆሟል። ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰሃን።

ያን የሻንጣውን ክፍል ሲቀርጹም ነበርኩ። በምስሉ ላይ ያገባችው ልጅ ሻንጣ ይዛ እያለቀሰች የእናቷን በር ታንኳኳለች። ባሏ ደብድቧት ነው። እናትየዋ ትከፍታለች፣ ልጅቷን በሁለቱም ትከሻዎቿ ይዛ ረዘም አድርጋ ትናገራለች፣ ከዚያ ሻንጣውን ተቀብላ ወደ ውስጥ ትጎትተዋለች፣ በሩም ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ ለእማዬ የተጻፈው ይኼ ነበር፦ "ልጄ፣ እንባሽን እዚህ አፍስሺ፣ ፈገግታሽን ለቤትሽ ያዢ። ተመለሺ። ችለሽ ታሸንፊዋለሽ።"

እማዬ አንዴ ሞከረችውና ማዳመጫውን አወለቀች።

"ይቺ ሴትዮ ሻንጣውን ወዴት ነው የምትጎትተው?"

"ወደ ቤት ነዋ" አለ ዳይሬክተሩ።

"እኔ እኮ ሂጂ እያልኳት ነው።"

"እናቴ፣ ተመልካቹ የሚያየው ፊቷን ነው። እጇን ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ።"

ዳይሬክተሩ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጭንቅላቱን አከከና "በቃ 'ሻንጣሽን ላስቀምጥልሽና ትመለሻለሽ' የምትል እንጨምር፤ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ ላይ ትገባለች" አላት። ጨመሩ፣ ገባች። "በይ አሁን ፈገግ እያልሽ አልቅሺ፣ ትዕግሥቱ እንዲሰማ።" እማዬ ፈገግ እያለች አለቀሰች። በዚህ የሚወዳደራት የለም። ጉዱን ሁሉ የማውቀው እኔ ራሴ እንባዬ መጣና በራሴ ተናደድኩ።

ክፍሉ ከወራት በኋላ ሲተላለፍ አገሩን አጥለቀለቀው። የታክሲ ሾፌሮች "እንባሽን እዚህ አፍስሺ፣ ፈገግታሽን ለቤትሽ ያዢ" የሚለውን የኋላ መስታወታቸው ላይ ለጠፉት። ሰፈራችን ያለችው ፀጉር ሠሪ መስታወቷ ላይ ጻፈችው። ሰዎች የስልካቸው ጥሪ አደረጉት፤ ከሁሉም ይበልጥ ወንዶቹ ወደዱት። አንዱ ደንበኛችን ለሚስቱ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ መጥቶ፣ እያወጣሁለት እያለ ስልኩ ጮኸ፤ የእማዬ ድምፅ ነው። "እንዲህ ያለች እናት ነበር ለሁሉም መስጠት" አለኝ። ሚስቱን ራሷን ለምን እንደሚያማት ልነግረው እችል ነበር፤ ግን ፋርማሲው የእኔ አይደለም።

እታለም ማክሰኞ ጠዋት መጣች። እታለም ታላቅ እህቴ ነች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንዲህ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰው አገባችና "ሚስቴ የሰው ልጅ ስታስተምር ቤቴ ለምን ይበርዳል" ብሎ ከሥራዋ አስቀራት። የያዘችው የዳቦ መግዣ ፌስታል ነበር። ከላይ ዳቦ፣ ከሥሩ ልብስ። ሻንጣ ይዛ ብትወጣ ጎረቤት አይቶ ይደውልለታል።

"ምነው በጠዋት?" ስላት ግራ ጆሮዋን በእጇ እንደሸፈነች "ቀስ ብለሽ አታውሪ፣ አልሰማሽም" አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰውዬው ከሱቅ ደወለ፣ እሷ ሻወር ውስጥ ስለነበረች አላነሳችም። ማታ ሲመጣ "ከማን ጋር ነበርሽ?" ብሎ በጥፊ መታት። የመጀመሪያው አልነበረም፤ ሲወጣ በሩን ከውጭ መቆለፍ ከጀመረም ሰንብቷል። ያን ቀን ጠዋት ቁልፉን ረስቶት ሄደ፣ እሷም ወጣች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ በመሣሪያው አየና የጆሮዋ ታምቡር መቀደዱን ነገረን፤ ይደን አይደን ወደፊት የሚታይ ነው አለ። እታለም ራሷን ነቀነቀች።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ድንች እየላጥን "ለእማዬ ነግረሻት ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ የመታኝ ሰሞን ደወልኩላት። 'ልምጣ ወይ?' አልኳት።"

"ምን አለችሽ?"

እታለም የያዘችውን ድንች ልጣ ጨርሳ ነው የመለሰችልኝ። "እንባሽን እዚህ አፍስሺ፣ ፈገግታሽን ለቤትሽ ያዢ።"

"እሱማ የድራማው ነው።"

"ያኔ ገና በቴሌቪዥን አልታየም ነበር። የራሷ መሰለኝ። ለእኔ ብላ ያወጣችው መሰለኝና ተቀመጥኩ። ከወራት በኋላ ከሱ ጋር ቁጭ ብለን እያየን ሴትዮዋ ተናገረችው። እሱ ሳቀና 'ሰማሻት እናትሽን?' አለኝ።"

ቢላዬን አስቀመጥኩት። ያ ስልክ ትዝ አለኝ። እኔ እዚሁ ቦታ ቆሜ ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ የሻንጣውን ክፍል ቀርጻ ከስቱዲዮ መግባታችን ነበር፤ ከሳሎን ድምፅዋን ስሰማ ልምምድ ላይ ያለች መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ትለማመዳለች። ስልክ ይዛ እያወራች መሆኗን እንዴት ልወቅ?

ተነስቼ ሳሎን ሄድኩ። እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ በሩ ክፍት ስለነበር የሰማች ይመስለኛል።

"እማዬ፣ ለእታለም በስልክ ያልሻት ነገር ትዝ ይልሻል?"

"ትዝ ይለኛል" አለች።

"ከወረቀት አንብበሽ ነው ወይ የመለስሽላት?"

"ወረቀቱስ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ እሱን ስል ነበር የዋልኩት። 'ልምጣ' ስትለኝ ልቤ ድንግጥ አለ፣ የምለው ጠፋኝ። አፌ ላይ የነበረው እሱ ነበር፣ እሱ ወጣ።"

"ፈገግ እያልሽ?"

"አዎ መሰለኝ።"

ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፣ ግን ጠላኋት። አታለቅስም፣ አትከራከርም፣ ይቅርታም አትልም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

በማግስቱ የባልየው አጎት ደወሉ። የልጁን ነገር ለመጨረስ እሁድ ከሰዓት እንመጣለን አሉ። እኚህ አጎት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ አሁንም ሲናገሩ ተማሪ ያሰለፉ ይመስላቸዋል። ቤተሰቡ ውስጥ የተጣላን ሁሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። እስካሁን ያስታረቋቸው ሚስቶች ሁሉ ተመልሰዋል፤ ይህን በኩራት ነው የሚናገሩት።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት እታለምን።

"እማዬ ተመለሺ ካለችኝ እመለሳለሁ" አለችኝ። "ቤቱ የሷ ነው። ሥራ የለኝ፣ ሌላ የምገባበት የለኝ። እሷ ሳትፈልገኝ እዚህ አልቀመጥም።"

"አልመለስም በያቸው እንጂ።"

"አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ። እኔ አንቺን አይደለሁም። አንዴ ጠይቄ መልስ ተሰጥቶኛል፤ ሁለተኛ አልጠይቃትም። የምትለውን ትበል።"

ይህን ለእማዬ ነገርኳት። "እሺ" ብቻ አለች። ረቡዕ እሺ፣ ሐሙስ ዝም፣ አርብ ስቱዲዮ ውላ መጣች፣ ቅዳሜ ምንጣፍ አራገፈች። የሆዷን በሆዷ ይዛ ቤቱን ስታጸዳ አንጀቴ ያረረው እኔ ነኝ። እታለም የእማዬን መልስ እየጠበቀች ታድራለች፣ እየጠበቀች ትነሳለች፤ ፌስታሏን አልፈታችውም፤ አልጋው ሥር እንደተቋጠረ ነበር።

እሁድ አጎትየው ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። አማቻችን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሶ፣ የኬክ ካርቶን ይዞ ከኋላቸው ገባ። አጎትየው ሳሎኑን ገረፍ አድርገው አዩና ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር መረጡ። አማቻችን ከእታለም በስተግራ ተቀመጠ። እማዬ ሻይ አቀረበችና በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጁ አጥፍቷል። አጥፍቻለሁም ብሏል። ግን ሰው በእጁና በልቡ ይለያል። የመታት እጁ ነው እንጂ ልቡ አይደለም።"

"ታምቡሩን የቀደደው የትኛው ነው?" አልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ትልልቅ ሰዎች እየተነጋገሩ ነው" አሉኝ። ሠላሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

"ይቅርታ ጠይቄያታለሁ" አለ አማቻችን፣ ለአጎቱ። "ቤቴን ማንም እንዲያፈርስብኝ አልፈልግም። እሷም ብትሆን የምታዳምጠው ሰው በዝቶባት ነው እንጂ ክፉ አይደለችም።" እኔን ማለቱ ነው።

አጎትየው ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው ድምፃቸውን አለዘቡ። "እሜቴ፣ እኔ ዛሬ ብዙ ልናገር አልመጣሁም። እርስዎ ባሉበት ቤት ስለ ትዳር መናገር ለእኔ ድፍረት ነው። ያን የሻንጣውን ክፍል በተመልካቾች ጥያቄ ዛሬ ይደግሙታል፤ አሁን ይጀምራል። ስንመጣ አስበንበት ነው። ቢከፈትና የራስዎ ቃል ቢናገር፣ እኛም ሰምተን፣ ልጅቷም ሰምታ፣ ባሏን ተከትላ ብትሄድ ምን ይመስልዎታል?"

ሰውዬው ሽምግልናቸውን ከድራማው ሰዓት ጋር አስማምተው ነው የቀጠሩት። ልስቅ ነበር፤ ግን እታለምን አየኋት። ዓይኗን እማዬ ላይ ተክላለች፣ እጇ ቀሚሷን ጨምድዷል።

"ክፈቺው" አለችኝ እማዬ።

"እማዬ…"

"ክፈቺው አልኩሽ። ሪሞቱን ደግሞ ለእኔ ስጪኝ።"

ከፈትኩ። ሪሞቱንም ሰጠኋት። ማስታወቂያ አለፈ፣ የድራማው ዘፈን አለፈ፣ ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች በመንገድ መጣች። አጎትየው ሻያቸውን አስቀምጠው ወደፊት ተጠጉ፤ ከንፈራቸው ቃሉን ከወዲሁ መለማመድ ጀምሯል። አማቻችን ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ልጅቷ በሩን አንኳኳች። በሩ ተከፈተ። እማዬ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን አጠፋችው።

ከዚያ ተነስታ ቆመች። ማይክ ፊት እንደምትቆመው እግሮቿን ትንሽ ከፈት አድርጋ፣ ዓይኗን ከምስሉ ላይ ሳትነቅል። ሴትዮዋ የልጇን ትከሻዎች ይዛ አፏን ስትከፍት እማዬም ከፈተች።

"ልጄ፣ ነይ ግቢ። ደውለሽልኝ ነበር፤ ሰምቼሽም ነበር። ተመለሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ጆሮሽን የመታሽ እሱ ነው፤ እስክትመቺ ያስቀመጥኩሽ ግን እኔ ነኝ። ከእንግዲህ የትም አትሄጂም። አልጋሽ እንዳለ ነው። አምጪው ሻንጣሽን። ማንም መጥቶ ቢያንኳኳ፣ ክፈቺ ካላልሽኝ አልከፍትም።"

"አምጪው" ስትል ሴትዮዋ ሻንጣውን ተቀበለች። "አልከፍትም" ስትል አፏ ተዘጋ፣ በሩም ተዘጋ። አንድ ቃል አልተረፈም፣ አንድ ቃል አልጎደለም። እማዬ ፈገግ አላለችም፣ አላለቀሰችም። ሻይ ጠጡ ስትል በምታወራበት ድምፅ ነው የተናገረችው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች ያለ ድምፅ ይራኮታሉ።

"ይኼ የድራማው ቃል አይደለም" አሉ አጎትየው በመጨረሻ።

"ሴትዮዋ ያለችው ይኼን ነው" አለች እማዬ። "እናንተ የሰማችሁት ገምጋሚዎቹ የጻፉትን ነው።"

"እርስዎ በምን ያውቃሉ?"

"አፏን ስመለከት ዓመታት የኖርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ እጇን ይመልከቱ። ሻንጣውን ወዴት ጎተተችው?"

አጎትየው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፤ ምስሉ አልፏል፣ ግን ክፍሉን ስንት ጊዜ አይተውታል። ግንባራቸው ተቋጠረ። "ወደ ውስጥ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ልጅቷ ከዚያ በኋላ እናቷ ቤት ስትታይ እኮ አሟት ነው ሲሉን አምኜ ነበር። እንዲህ ያለ ረጅም ሕመም ምንድነው እያልኩ…" ነገሩ ከልባቸው ከነከናቸው። ለሽምግልና መምጣታቸውንም ለጊዜው የረሱት ይመስለኛል።

አማቻችን ግን አልረሳም። "እኔ ስለ ድራማ ልከራከር አልመጣሁም" ብሎ ብድግ አለ። ወደ እታለም ጎንበስ ብሎ፣ እኛ እንዳንሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ተናገራት።

"አልሰማሁህም" አለችው እታለም። "በዚህ ጆሮዬ አይሰማኝም። መናገር የምትፈልገው ካለ ከፍ አድርገህ፣ ሁሉም እየሰማ ተናገር።"

ቆሞ አያት። ከዚያ እማዬን አየ፣ ከዚያ አጎቱን። ሳይሰናበት ወጣ። አጎትየው ባርኔጣቸውን ፈልገው ተከተሉት፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ለእማዬ እጅ ነሱ። ኬኩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ እኔ በላሁት። ጥሩ ኬክ ነበር።

እታለም ያን ምሽት ፌስታሏን ፈታች። በዓመቱ አጋማሽ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረች፤ ክፍል ውስጥ ልጆቹን በቀኝ በኩል ሰብስባ ታስቀምጣቸዋለች። ፍቺው ተጎትቶ ተጎትቶ አለቀ።

እማዬ ያን ሳምንት ስቱዲዮ ሄዳ ለዳይሬክተሩ፣ ሴትዮዋ ከምታደርገው ጋር የሚጣላ ቃል ከእንግዲህ አልልም አለችው። ዳይሬክተሩ ለመናት፣ ከዚያ ለገምጋሚዎቹ ነገረ፣ ገምጋሚዎቹ ደግሞ ድምፅ አይጠፋም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልጠፋም። ሌላ ሴት ተገኘች። መጀመሪያ ሰዉ ድምፅዋ ተቀየረ ብሎ አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደው። ታክሲዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ እስካሁን አልተላጠም።

አንድ ምሽት ሦስታችን ቁጭ ብለን ድራማውን እናይ ነበር። እማዬ ማየቱን አልተወችም፤ እኔ ብትተዪው ይሻልሻል ብላትም አልሰማችኝም። በምስሉ ላይ ባልየው በር ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። እናትየዋ በሩን በፊቱ ላይ ድርግም አድርጋ ትዘጋዋለች። አዲሷ ድምፅ በሚጥም ለዛ "ልጄ፣ ተኝታለች፣ ነገ ና፤ ቤትህ ነው" ትለዋለች።

እታለም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና "እማዬ፣ ያን ቀን ያልሽው እውነት ሴትዮዋ ያለችው ነው?" አለቻት።

"እኔ ምን አውቄ" አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ። "ቋንቋዋን መች እችላለሁ። ያኔ ስትደውዪልኝ ልልሽ ይገባ የነበረውን ነው ያልኩት። አፏ ላይ እንዲገጥም ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ስሰፋው ነበር። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ።"

"ዘግይተሻል" አለቻት እታለም። የተቆጣች አትመስልም ነበር።

እማዬ አልተከራከረችም።